ከጨረቃ ወደ መስቀል፦ የጥንቱን ሃይማኖት ለአትላንታ ልጆች ማስተማር

ከአትላንታ መሐል ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ ክላርክስተን አካባቢ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለልጆች አማርኛና የአገር ታሪክ የምናስተምርበት አንድ ክፍል አለ። ክፍሉ የእኛ አይደለም፤ በሰዓት የምንከራየው አዳራሽ ነው። ስንገባ ወንበር እንደረድራለን፣ ስንወጣ አጣጥፈን ወደ ቦታው እንመልሳለን። ተማሪዎቻችን ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ እዚሁ ጆርጂያ ተወልደዋል፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን እንግሊዝኛ ይቀላቅላሉ።

አንድ እሑድ የሁለት ሳንቲሞች ፎቶግራፍ በወረቀት አሳትሜ አደልኳቸው። ሁለቱም የወርቅ ናቸው። ሁለቱም የአክሱሙ ንጉሥ የኢዛና ናቸው። በሁለቱም ላይ ንጉሡ በጎኑ ይታያል፤ ግራና ቀኙን የእህል ዘለላ ከቦታል። ልዩነቱ ከራሱ በላይ ነው። በአንደኛው ላይ ክብ ምልክትና ግማሽ ጨረቃ አለ፤ በሌላኛው ላይ ጨረቃዋ ጠፍታ መስቀል ገብቷል።

«ልዩነቱን ፈልጉ» አልኳቸው። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ቀድሞ አገኘውና እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ንጉሡ መጀመሪያ ክርስቲያን አልነበረም ማለት ነው? ታዲያ ማንን ነበር የሚያመልከው?»

ያን ዕለት ማታ እናቱ ደወሉልኝ። በትሕትና ነው የተናገሩት። «መምህር፣ ልጆቻችንን እዚያ የምናመጣው ሃይማኖታቸውንና አገራቸውን እንዳይረሱብን ነው። ጣዖት እንዲማሩ አይደለም። ደግሞ የንጉሦቻችንን ታሪክ እንዲህ አድርጎ መንገር ምን ይጠቅማል?» አሉኝ። በቂ መልስ አልነበረኝም። «አስብበታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይህ ጽሑፍ ያሰብኩት ነው።

እኛ ወላጆችና አስተማሪዎች ሃይማኖትን የተማርነው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከየኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ወይም ከሼኹ ዘንድ ቁርአን ቀርቶ ነው። እዚያ ሃይማኖት የሚኖሩበት እውነት ነው፤ «እንዴት መጣ? ምን ለወጠ?» ተብሎ አይጠየቅም። ሁለተኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በደርግ ዘመን ያደግነው ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት እንደሆነ ሰምተናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ተለመደ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል። (ከዚህ በኋላም ያሉት ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከተጽዕኖ ነፃ መሆንና ስለ ጉዳዩ አለመናገር ግን አንድ አይደሉም። ለጥንቱ ሰው ንጉሥነቱም፣ እርሻውም፣ ቀብሩም፣ ጽሕፈቱም ከእምነቱ ጋር የተጠላለፈ ነበር። እምነቱን አውጥቶ ታሪኩን ማስተማር ቡናውን ትቶ ስለ ረከቦቱ እንደ ማውራት ነው።

አሜሪካም ይህን ክርክር አልፋበታለች። በ1963 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከፔንስልቬንያ በመጣ ክርክር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየማለዳው መጽሐፍ ቅዱስ ማስነበባቸውን ከልክሏል። ብዙ ወገኖቻችን «አሜሪካ እግዚአብሔርን ከትምህርት ቤት አስወጣች» የሚሉት ይህንን ነው። ነገር ግን ያው ውሳኔ ሌላም ነገር ብሏል፤ ሃይማኖትን እንደ ታሪክና እንደ ሥልጣኔ አካል አድርጎ፣ ሳይሰብኩና ሳያንቋሽሹ ማስተማር አልተከለከለም። በዚህ መሠረት በጆርጂያ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አፍሪካና ስለ እስያ ሲማሩ ስለ አይሁድ፣ ስለ ክርስትናና ስለ እስልምናም ይማራሉ። ስለዚህ ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ በዚህ ዓይነት አጠያየቅ የሠለጠኑ ናቸው። ወደ እኛ ክፍል ሲመጡ ስለ ፒራሚድ ብዙ ይዘው ይመጣሉ። ስለ የሓ የሰማ ልጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከስልኩ በኋላ አንድ ነገር ቀየርኩ። ጠባቡን በር ትቼ በሰፊው ለመግባት ወሰንኩ፤ ዛሬ ማንም ከማያምንበት፣ ከሞተ ሃይማኖት መጀመር። በሞተ ሃይማኖት ላይ ማንም ልጅ አይከፋም፤ ማንም ወላጅ አይደውልም። ልጁ መጠየቅን እዚያ ይለማመዳል።

ለዚህ ደግሞ አትላንታ የተመቸች ናት። በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ያለው የማይክል ሲ. ካርሎስ ሙዚየም የጥንት ግብፅ፣ የኑብያና የግሪክ ቅርሶች አሉት። ሙዚየሙ በ1999 ናያግራ ፏፏቴ አጠገብ ከነበረ አንድ አሮጌ ሙዚየም የግብፅ አስከሬኖችና ሣጥኖች ሲገዛ የአትላንታ ነዋሪዎችም ገንዘብ አዋጥተው ነበር። ከአስከሬኖቹ አንዱ በተደረገለት ምርመራ የቀዳማዊ ራምሴስ፣ ማለትም የታላቁ ራምሴስ አያት፣ ሳይሆን እንደማይቀር ተገመተ። ሙዚየሙም በ2003 ያለ ክፍያ ለግብፅ መለሰው።

ይህን ታሪክ ለልጆቹ ስነግራቸው አንዲት ልጅ «ለምን መለሱት? ገዝተውት የለም ወይ?» አለች። ትምህርቱ ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። ያንን አስከሬን በጨውና በሙጫ ያደረቁት ሰዎች ለሙዚየም ብለው አላዘጋጁትም። ሰው ከሞተ በኋላ አካሉ ካልፈረሰ ሕይወቱ ይቀጥላል ብለው ስላመኑ ነው። ያ አንድ እምነት ስንት ሰው ቀጠረ? ድንጋይ ጠራቢ፣ ተልባ ዘሪ፣ በፍታ ሸማኔ፣ ጸሐፊ፣ ቀባሪ ካህን። ደግሞ ሙጫውና ዕጣኑ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ልጆቹን ወደ ቤታቸው ነው የመለስኳቸው። «ቤታችሁ ቡና ሲፈላ ምን ይሸታል?» ስላቸው በአንድ ድምፅ «ዕጣን!» አሉ። የግብፅ ቤተ መቅደሶች ብዙ ዕጣንና ከርቤ ይፈልጉ ነበር፤ እነዚህ ዛፎች ደግሞ የሚበቅሉት በእኛ አካባቢና በቀይ ባሕር ማዶ ነው። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፑንት ወደሚባል አገር መርከቦች ላከች። ከነሥራቸው በቅርጫት የተሸከሟቸው የከርቤ ዛፎች በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ። ፑንት የት ነበር የሚለው ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ነው። ግብፃውያን እንደ ቅዱስ እንስሳ አድርቀው የቀበሯቸው ዝንጀሮዎች በቅርብ ዓመታት ሲመረመሩ ግን ምልክቱ ወደ ዛሬዋ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና አጎራባቾቻቸው አመልክቷል። ልጆቹ ሃይማኖት ሥልጣኔን እንዴት እንደሚሠራ በዚህ ያዙት፤ አንድ ሕዝብ ለአምላኩ ዕጣን ማጠን ስለፈለገ ሌላ ሕዝብ ወደብ፣ ነጋዴና ሀብት አገኘ።

ከዚያ ወደ አገራችን ተሻገርን። ትግራይ ውስጥ፣ ከአድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ የሓ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሠራ ቤተ መቅደስ ቆሟል። ከፍታው 13 ሜትር ገደማ ነው። የድንጋዮቹ አገጣጠም ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ነው። የተሠራው በደቡብ ዐረቢያም ይመለክ ለነበረው ለአልመቃህ ነው። በ2007 ደግሞ ውቅሮ አጠገብ፣ መቃብር ጋዕዋ በሚባል ቦታ፣ ሌላ የአልመቃህ መቅደስ ተገኘ። መሠዊያው ከነጽሑፉ ወጥቷል፤ ፈሳሽ መሥዋዕት የሚወርድበት ቦይ አለው። ጽሑፉ ዋዕራን የተባለ ንጉሥ ይጠቅሳል፤ የሓም በስሟ ተጠርታለች።

የመሠዊያውን ፎቶግራፍ ሳሳያቸው ስለ አምላኩ ብዙ አላወራሁም። ስለ ፊደሉ ነው ያወራሁት። በመሠዊያው ላይ የተቀረጸው የሳባ ፊደል የግዕዝ ፊደል አባት ነው። ከቅርጹም በላይ ተራው ይገርማል፤ ልጆቹ በየሳምንቱ እየዘመሩ የሚቆጥሩት «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» በጥንቱ ደቡብ ዐረቢያም የፊደል ተራ ነበር። እዚያ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ሁሉ፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ስሙን የሚጽፍበት ፊደል በአገራችን ከታየባቸው ጥንታዊ ድንጋዮች ብዙዎቹ ለአልመቃህ የቆሙ ናቸው። አልመቃህን ዛሬ የሚያመልከው የለም። ስለዚህ የማንም ስላልሆነ የሁሉም ሆኗል። በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ «የእኛ» እና «የእነሱ» የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ሁለቱ ሳንቲሞች የተመለስነው። ልጁ የጠየቀውን አሁን ልመልስለት እችላለሁ። ኢዛና ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ባስቀረጻቸው ጽሑፎች የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል። ያንኑ በግሪክኛ ሲያስጽፍ ማሕረምን አሬስ ብሎታል፤ አሬስ የግሪኮች የጦር አምላክ ነው። ንጉሡ የአምላክ ልጅ ከሆነ ለንጉሡ መገዛት ለአምላክ መገዛት ነው። ሃይማኖቱ ለዙፋኑ ምን እንደሠራለት ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት።

በኋለኞቹ ጽሑፎች ማሕረም የለም። በግዕዙ ንጉሡ የሚያመሰግነው የሰማይን ጌታ ነው። በግሪክኛው ጽሑፍ ግን አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። አንድ ንጉሥ ለሁለት ሰሚዎች በሁለት አነጋገር መናገሩ ነው ብለው የሚያስረዱ ምሁራን አሉ። ለአገሩ ሰው ማንም በቀላሉ የሚቀበለውን ስም መረጠ፤ ግሪክኛ ለሚያነበው ነጋዴና መልእክተኛ ደግሞ የአዲሱን እምነት ቃል አብራርቶ ነገረ። ሳንቲሙም እንዲሁ ነው። የወርቁ ሳንቲም ጽሑፍ ግሪክኛ ነው፤ በቀይ ባሕር ንግድ ከሮማውያን ወርቅ ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። መስቀሉ የእምነት ምልክት ነው። ለቆስጠንጢኖስና ለልጆቹ መንግሥት «እኛም እንደ እናንተ ነን» የሚል መልእክትም ነበረው።

ክርስትና በሮም ከታች፣ ከባሪያና ከእጅ ባለሙያ ተነሥቶ ነው ወደ ቤተ መንግሥት የወጣው። በአክሱም ግን መንገዱ ከላይ ወደ ታች ነው። የሮማው ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደተረከው ፍሬምናጦስ የጢሮስ ልጅ ነበር። በባሕር ጉዞ ተይዞ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ፣ አደገ፣ በኋላም በእስክንድርያ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀበለ። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው። በ356 ገደማ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ጠይቋል፤ ደብዳቤው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆልናል። እምነቱ ከገባ ብዙ ሳይቆይ የሁለት መንግሥታት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

አንዲት ልጅ «አያቴ ግን አብርሃና አጽብሓ ናቸው የሚሉት፤ ኢዛናን አያውቁትም» አለች። አያቷ አልተሳሳቱም። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ክርስትናን የተቀበሉትን ወንድማማች ነገሥታት አብርሃና አጽብሓ ይላቸዋል፤ ድንጋዩና ሳንቲሙ ኢዛና ይላል። ሁለቱን ያገናኙ ሊቃውንት አሉ፣ የለዩም አሉ። ልጆቹን «ማን ትክክል ነው?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። «ሰው የሚያስታውሰውና ድንጋይ የሚያስታውሰው ለምን ይለያያል?» ብዬ ነው የጠየቅኋቸው። ለቤት ሥራ አያቶቻቸውን ደውለው እንዲጠይቁ ላክኋቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ከአትላንታ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደሴ ስልክ ተደወለ።

ሃይማኖቱ ሲለወጥ ምን ቆመ፣ ምንስ ቀጠለ? ታላላቆቹ የአክሱም ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ነበሩ። ከሮም በ2005 ተመልሶ በ2008 የተተከለው 24 ሜትር ገደማ ነው፤ ተጋድሞ የቀረው ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከግርጌያቸው ባሉ ድንጋዮች ላይ ለመሥዋዕት ናቸው የሚባሉ ሳሕን መሰል ቅርጾች አሉ። ክርስትና ከገባ በኋላ እንዲህ ያለ ሐውልት መትከል ቀረ። በሐውልቱ ላይ የተቀረጸው በር፣ መስኮትና የእንጨት ጫፍ፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው፣ ግን አልቀረም፤ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ላይ እናገኘዋለን። አናጢው ሃይማኖቱን ሲለውጥ እጁን አልለወጠም። ከሁሉ የበለጠው ለውጥ በጽሕፈት ላይ መጣ። እስከ ኢዛና ዘመን በተነባቢ ብቻ ይጻፍ የነበረው ግዕዝ በዚያው ዘመን አናባቢ ይዞ ይታያል። ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ከግሪክኛ ተተረጎሙ፤ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን የተገመተው የአባ ገሪማ ወንጌሎች የዚያ ሥራ ምስክሮች ናቸው።

ትምህርቱ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለሁሉም አይበቃም ነበር። አንድ ሙስሊም አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ ከኋላ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ስንጨርስ ቀረብ ብሎ «መምህር፣ ጥሩ ነው። ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኔ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው የጠየቀኝ፤ ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። በየትምህርት ቤቱ ስንማር ያደግነው ታሪክ ለአንዱ ልጅ ቤቱ፣ ለሌላው ልጅ እንግድነት ነበር።

የሚቀጥለውን እሑድ በ615 ጀመርን። በመካ የተሳደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። ንጉሡ አሳልፎ አልሰጣቸውም። የእስልምና ትውፊት ንጉሡን ነጃሺ ብሎ በክብር ያነሣዋል፤ ትግራይ ውስጥ ያለችው ነጋሽ ስሟም መስጊዷም ይህን ታሪክ ይዘው ኖረዋል። ልጆቹን «ክርስቲያን ንጉሥ የሌላ እምነት ሰዎችን ለምን አስጠጋ?» አልኳቸው። አንዱ «ጥሩ ሰው ስለሆነ» አለ። ሌላዋ «ነጋዴዎች ስለሚተዋወቁ» አለች። ሁለቱንም መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኳቸው።

ይህን ብቻ አስተምሬ ማለፍ ይቀለኝ ነበር። ግን ከዚያ 90 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ያው ባሕር ጦርም አሻግሯል። በ523 የአይሁድን እምነት የተቀበለው የሒምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ በናግራን ክርስቲያኖችን ፈጀ፤ የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ደግሞ በ525 አካባቢ ጦር አሻግሮ ሒምያርን ያዘ። እምነት ነበረበት፣ የንግድ መስመርም ነበረበት፣ የሮማና የፋርስ ፉክክርም ነበረበት። መጠጊያውን አስተምሬ ጦርነቱን ብደብቅ ልጆቹ አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ያገኙታል፤ ያን ጊዜ የነገርኳቸውን ሁሉ ይጠራጠራሉ። ከአገር ቤት በሚመጣው ወሬ እምነትና ዘር በሚነካካበት በዚህ ጊዜ፣ ልጆቻችን ከእኛ ከሰሙት ይልቅ ከዩቲዩብ የሰሙት ይበዛል። ጥንት ላይ መጠየቅ የለመደ ልጅ የዛሬውንም ወሬ ዝም ብሎ አይውጥም። ለእናትየው ያልመለስኩት መልስ ይኸው ነው። ጣዖት እያስተማርኳቸው አይደለም፤ በመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ እንዳይፈርሱ እያዘጋጀኋቸው ነው። አባቶቹ ሌላ ሲያመልኩ እንደነበር በ12 ዓመቱ ከእኛ የሰማ ልጅ በ20 ዓመቱ ከሌላ ሲሰማው አይደነግጥም።

ይህን ለእናትየው በስልክ አልነገርኳቸውም፤ መጥተው እንዲሰሙ ነው የጋበዝኳቸው። አንድ እሑድ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። አልተስማሙም፣ አልተቃወሙምም። የሳንቲሞቹን ወረቀት ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

ልጁ በዚያ ቀን ሌላ ጥያቄ ነበረው። «ቲቸር፣ ጨረቃዋን አውጥተው መስቀል አደረጉ። ስንዴውን ለምን አልነኩትም?»

እኔ ስለ ንጉሡና ስለ ምድሩ ልምላሜ መናገር ስጀምር እናቱ ከኋላ ቀደሙኝ።

«ምን ሊያደርጉት? በጨረቃዋም ጊዜ፣ በመስቀሉም ጊዜ ሕዝቡ ይበላ የለም እንዴ!» አሉት።

ሰሌዳው ላይ «የቀጠለው» ከሚለው በታች «ስንዴ» ብዬ ጻፍኩ።